የእትዬ ስርጉት ጨዋ ልጅ

«ከልጅሽ ጋር ስለ ምን ስለ ምን ታወራላችሁ?»

ብላ ጠየቀችኝ መምህርት አይናዲስ። እዚህ ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ኮኪት ከተማ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ለእኛ ለጎልማሶች ፊደል የምታስቆጥር እሷ ናት። መቅዲ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ጠመኔ ታኝካለች። ሦስተኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው፤ «እማ» እንኳ ብላ አታውቅም። ከማይናገር ሰው ጋር ምን ይወራል?

«እንድትናገር መጀመሪያ ሰው ያውራት» አለችኝ። «ቋንቋ የምትይዘው አሁን ነው። ጆሮዋንም ጤና ጣቢያ አሳይያት።»

አሳየኋት። ጆሮዋ ደህና ሆኖ ተገኘ። የታመመው ቤታችን ነበር።

በቤታችን የልጅ አስተዳደግ አዋቂ የባሌ የደረበ ታላቅ እህት፣ እትዬ ስርጉት ናቸው። እኔ ሰሊጥ እርሻ ላይ ለቀን ሠራተኞች ወጥ ስሠራ መቅዲን የሚይዟት እሳቸው ናቸው፤ መያዝ ከተባለ። ስልክ ከፍተው ፊቷ ያቆሙላትና ይተኛሉ። ጎረቤት ሲመጣ «ጨዋ ናት፤ ድምፅ የላትም» ብለው ያመሰግኗታል። እሳቸው ዘንድ ልጅ የሚመሰገነው እንደ በርጩማ ነው፤ ካስቀመጡት ካልተነቃነቀ።

ደረበ ደግሞ ትራክተር ነጂ ስለሆነ ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል። ስልኩ ላይ የሚለፈልፈውን ካርቱን ለሰው እያሳየ «ልጄ ዓረብኛ እየጠጣች ነው። ነገ ድንበር ተሻግራ ሱዳን፣ ገላባት ትነግዳለች» ይላል። አንድ ቀን ሱዳናዊው መካኒክ ሙዓዝ ትራክተሩን ሊሠራ መጥቶ ጆሮውን ጣል አደረገ።

«ደረበ ወንድሜ፣ ይኸ ዓረብኛ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። ህንድ ሳይሆን አይቀርም።»

«ያው ነው» አለ ባሌ። «ህንድም ይነግዳል።»

ካርቱኑን አልዘጋውም።

እኔ ማውራት ጀመርኩ። «ይኸ ሽንኩርት ነው፣ መቅዲ። ያስለቅሳል። አየሽ፣ አለቀስኩ። ይኸ ውሃ ነው፤ ፈልቷል፤ አትንኪው።» እሷ አፌን ታያለች። እትዬ ስርጉት ከአልጋቸው ሆነው «ዝም በይ፤ ለማን ነው የምትለፈልፊው? ሰው በጊዜው ይናገራል» ይሉኛል። በቀን ስንቴ «ዝም በይ» እንደሚሉኝ እሳቸውም አያውቁትም።

«ጊዜ አለው» ይላል ደረበም። ይኸ ሰው የደረሰ ሰሊጥ ሳይታጨድ ጥቂት ቀን ካለፈው ፍሬው መሬት ላይ እንደሚረግፍ ያውቃል። ያን ሰሞን እንቅልፍ የለውም፤ አጫጅ ፍለጋ ሸሕዲ ከተማ ድረስ ይሮጣል። ለሰሊጥ ጊዜ የለም። ለልጁ ግን ጊዜ ሞልቷል።

በዚህ መሃል ደረበ አብደራፊ የሚባል ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘ። «አንቺ ሥራሽን አትልቀቂ፤ አጨዳው ሲያልቅ ትመጫለሽ» አለኝ። «እስከዚያ መቅዲን ይዘናት እንሄዳለን። እቴ ትይዛታለች።»

«ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀምራለች። አሁን ከእኔ አትለያት።»

«ከንፈርማ ፍየልም ታንቀሳቅሳለች።»

የሚሄዱ ለት እትዬ ስርጉት ሚኒባሱ በር ላይ መቅዲን ተቀበሉኝና ስልኩን ከፍተው አስያዟት። እኔ አላቆምኩም። «ይኸ መኪና ነው፣ መቅዲ። ይኸ ጎማው ነው። ይኸ…»

«ዝም በይ እንግዲህ» አሉኝ።

መቅዲ ስልኩን ጣለችው። ቀና ብላ ፊታቸውን አየችና፣ ጥርት አድርጋ፣ «ዝም በይ» አለቻቸው።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሽንኩርት አላለችም፤ ውሃ አላለችም፤ እማም አላለችም። ቤታችን ውስጥ በዝቶ የተዘራውን ነው ያበቀለችው።

እትዬ ስርጉት አልሳቁም። «እኔን? ዝም በይ?» መቅዲን መልሰው ክንዴ ላይ ጣሏት። «እንዲህ ያለች አፈኛ አላሳድግም። ድሮ ጨዋ ነበረች። ይኸ ሁሉ የናቷ ልፍለፋ ነው።»

ስለ እኔ እውነት ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ደረበ ጎንበስ ብሎ ስልኩን ከአቧራው አነሳ። መስተዋቱ አለመሰንጠቁን አየ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ ከእህቱ ኋላ ገባ።

እሱና እትዬ ስርጉት አብደራፊ ሄዱ፤ ካርቱኑም አብሯቸው ሄደ። ኮኪት የቀረነው እኔና መቅዲ ነን።