ተቀምጦ የሚያድር ሰው

ቪምባይ የሟቹን ካፖርት ለብሳ፣ ፊቷ ላይ የበቆሎ ዱቄት ነስንሳ ከጓዳ ስትወጣ ለቀስተኛው በሳቅ ፈረሰ። ምራት ናት፤ አማቷ በተቀበረ ማግስት እሱን መስላ ሐዘንተኛውን ማሳቅ በአገሩ ወግ ድርሻዋ ነው። ጥቂት ተራምዳ አጥሩን ይዛ ቆመች።

«ማነው መንገዱን ዳገት ያደረገብኝ?» አለች እያለከለከች።

«ራሱ ዜፋኒያ!» ጮኹ ሴቶቹ። «አፈሩን አራግፎ መጣ!»

መሬት ላይ ጋደም አለች። ወዲያው ውሃ እንደዋጠው ሰው አፏን ከፍታ ተነሳች፤ ሳል አጣደፋት፤ የሟቹ ወንበር ላይ ወጥታ ቁጭ ብላ አንኮራፋች።

«ዶሮ ጠባቂው!» አለ አንዱ። እንባ እስኪያወጣቸው ሳቁ።

የሟቹ ልጅ ቺዬድዛ የበቆሎ ገንፎውን፣ ሳድዛውን፣ ማማሰል ተወች። አንዲት ነገር አልተዛነፈችም። ለካ ሁሉም አይቶታል።

አባቷ ዕድሜውን ወፍጮ ቤት ነው የፈጀው። ሳሉን «የዱቄት ነው» አሉት፤ ወተት አጠጡት። ወንበር ላይ ማደር ሲጀምር ደግሞ ራሱ «ዶሮዎቼን ከሌባ ልጠብቅ» አለ፤ ንቃቱ ተመሰገነለት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ብቻ ነበረች ያልሳቀችው። «አባባ፣ የልብዎ ግራ ጎን ደም መግፋት ደክሞታል፤ ውሃው ሳንባዎ ላይ ይጠራቀማል። ጋደም ሲል የሚታፈን ሰው፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥቶ የሚነቃ ሰው ነገ ዛሬ አይልም። ከተማ የልብ ስፔሻሊስት ዘንድ ይሂዱ።»

የቤተሰቡ ቃል ግን የታላቅ ወንድሙ የጆራም ነበር። «ልቡ ነው የሚሉት? የበሬ ልብ እኮ ነው ያለው! በቆሎው ይሰብሰብና እናያለን።»

በቆሎው ተሰበሰበ። ይኸው ለቀስተኛው እየበላው ነው።

ከሰዓት በኋላ የሟቹ ዕቃ ለክፍፍል ወጣ። ጆራም ወንበሩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«እኔ ይቺን ብቻ።»

«ትልቁ አባባ፣ ቤትዎ ሶፋ ሞልቶ?» አለች ቪምባይ።

ወደ ቺዬድዛ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐዘኑ ነው መሰል፣ ጋደም ስል ያፍነኛል። ቁጭ ስል ይሻለኛል።»

ቺዬድዛ አየችው። ከመቃብሩ ሲመለሱ ሁለቴ ቆሞ ነበር፤ ሰው እየጠበቀ መስሏት ነበር።

«ነገ ከተማ እንሄዳለን።»

«የመታሰቢያው ጸሎት ይለፍና፣ ልጄ…»

«እስኪያልፍ ማን ይቆያል? እርስዎም የሚሰበሰብ በቆሎ አለዎት? እኔ ሁለተኛ ለቀስተኛ የማበላው የለኝም!»

በአባቷ ታላቅ ወንድም ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ጆራም ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የመጣው ግን ሳል ነው።

ቺዬድዛ ካፖርቱን ከቪምባይ ትከሻ ላይ ወሰደች። ዱቄቱን አራግፋ ለአጎቷ አለበሰችው።

«የጠዋቱ አውቶብስ ይበርዳል» አለች።

እንደ ሕፃን ዝም ብሎ ቆመላት። ከታች ጀምራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችለት። የአንገቱ ቁልፍ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ያንን ክፍት ተወችው፤ አባቷም እንዲያ ነበር የሚለብሰው።