የይታያል ስኳር

እማማ ወለተ ሰንበት ውሸት አያምርባቸውም፤ ግን ስንት ዓመት ዋሽተዋል። ውሸታቸውም አንዲት ብቻ ናት፦ ሳዑዲ ያለው ልጃቸው ይታያል ገንዘብ ይልክላቸዋል። ኧረ የት! እንደሄደ ሰሞን ላከ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁም ጠፋ።

የደብረ ማርቆስ ሰፈራቸው ደግሞ ዓይኑ ሁሉ ውጭ አገር ነው። የጎረቤታቸው የማንጠግቦሽ ቤት ቆርቆሮው የተለወጠው ልጇ እስከዳር ከቤሩት በላከችው ነው። የተላከለት ሰው ታዲያ ለጎረቤት ስኳር ያዳርሳል፤ የሰፈሩ ወግ ነው። እማማም የሰው ጥጥ ፈትለው ባገኟት ፍራንክ በየፋሲካው ማግስት ስኳር ይገዙና፣ በትንንሽ ቋጠሮ አድርገው፣ «ይታያል ልኮ ነው፣ ቅመሱልኝ» እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ። ራሳቸው ሻይ የሚጠጡት ባዶውን ነው። መቼም የእናት ነገር! የልጄ ስም ከሚጎድፍ የእኔ ሆድ ይጉደል ብለው ነው።

ዘንድሮ ግን ዓይናቸው ደከመ። ክሩ እየወፈረ፣ እየተበጠሰ አስቸገረና ባለ ጥጦቹ አንድ በአንድ ቀሩባቸው። ጾም ባልሆነ ቀንም መጾም ጀመሩ። ሴፍቲኔት መጣ የተባለው ይኸኔ ነው። ሠርቶ መብላት ያቃተው በየወሩ ይደጎማል፤ የሚመረጠውም ሰፈርተኛው በተሰበሰበበት ስሙ እየተጠራ፣ ጎረቤት እየመሰከረለት ነው። እማማ ነጠላቸውን አጥበው፣ ሚካኤልን ተማጥነው ሄዱ። ይቺ ድጎማ ካመለጠቻቸው ክረምቱን መውጣታቸውን እንጃ።

ሰብሳቢው አቶ እንዳላማው ስማቸውን ጠሩና «ማነው የሚመሰክርላቸው?» አሉ።

«ደካማ ናቸው፣ ይገባቸዋል» አለች ማንጠግቦሽ፣ ከሁሉ ቀድማ።

«ኧረ ልጃቸው ይልክላቸዋል! ስኳሩን እኔም ቀምሻለሁ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሰው ሳቀ። ሰውየው ለክፋት አይደለም፤ ያየውን ነው የተናገረ።

«እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩን» አሉ አቶ እንዳላማው። «ይታያል ይልክልዎታል ወይስ አይልክልዎትም?»

አይልክልኝም ማለት ምን ይከብዳል? አንዲት ቃል ናት። ያቺ ቃል ከወጣች ግን ነገ በየደጁ «ያ እናቱን የረሳው» ሊባል ነው። ምናልባት ታሞ ይሆናል። ምናልባት ታስሮ። እሱ ባይመለስ እንኳ ስሙ የሚኖረው እዚህ ሰፈር ነው።

«ይልክልኛል» አሉ። «ልጄ አይረሳኝም።»

ስማቸው ተሰረዘ።

እቤታቸው ገብተው በራቸውን ዘጉና አለቀሱ። «አንቺ ቂል!» አሉ ራሳቸውን። «ሰው ጉድጓዱን በዶማ ይቆፍራል፣ አንቺ በስኳር ቆፈርሽው!»

በማግስቱ ማንጠግቦሽ መጣች። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም። በመሐረብ የተቋጠረ ብር እጃቸው ላይ አኖረች።

«እትዬ፣ እስከዳር ደውላ ነበር። ይታያልን ገበያ ላይ አግኝታው ኖሯል።»

«ማንን?»

«ይታያልን ነዋ! የሚልክበት መንገድ ጠፍቶት ኖሮ፣ በእሷ በኩል ሰደደልዎ። ከእንግዲህም በየወሩ በእኔ በኩል ነው የሚመጣ።»

እስከዳር ያለችው ቤሩት፣ ይታያል ያለው ሳዑዲ ነው። በመካከሉ ስንት አገር እንዳለ እማማ አያውቁም፤ አንድ ገበያ እንደማይወጡ ግን ያውቃሉ። ብሩ የእስከዳር ነው፣ የሰው ቤት ወለል ወልውላ ያገኘችው። ሊመልሱት እጃቸውን ዘረጉ። ምን ብለው ይመልሱት? ልጄ አይልክልኝም ሊሉ ነው? ትናንት በሰው ሁሉ ፊት ይልካል ብለው! ማንጠግቦሽ ይህንን አስባበት ነው የመጣች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች። ለካ ስኳሩን ስትቀበል የኖረችው እያወቀች ነው።

እማማ መሐረቡን ወደ ጉያቸው መለሱት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን አለ?» አሉ።

«ማን?»

«ልጄ። ብሩን ሲሰጣት ምን አለ?»

ማንጠግቦሽ ይህን አላሰበችበትም። ብሩን አዘጋጅታ ቃሉን ረስታለች።

«አልረሳኋትም አለ። እናቴን... ይቅር በይኝ በሉልኝ አለ።»

ውሸት ነው። ያቺን ውሸት ከእማማ በላይ ማን ያውቃታል! ቢሆንም ጆሯቸው ስንት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ቃል ነውና እንባቸው ዝርግፍ አለ።

«ይቅር ብዬዋለሁ በይው» አሉ።

«እሺ፣ እነግርልዎታለሁ» አለችና ማንጠግቦሽ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ በሩ ሄደች።

«ቆይ!» አሉ እማማ። «ለእስከዳርም ንገሪያት። ከሰው ደጅ አውጥቶ ለራስሽ ደጅ ያብቃሽ ብለውሻል በያት።»