አለሁ ባዩ ገጽ

አማቴ ድምፄን እንጂ መልኬን አያውቁም ነበር። ልጃቸውን ሳገባ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ጥላና ብርሃን ብቻ ነበር የሚለዩት። በአንድ የዓይን ሆስፒታል ለአንደኛው ዓይናቸው የቀዶ ሕክምና ቀን ሲቆረጥላቸው አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ የሚያዩት የልጃቸውን ፊት እንዲሆን።

ልጃቸው፣ ማለትም ሚስቴ፣ ነርስ ናት። የሆስፒታሏን የነርሶች ተራ የሚያወጣው ደግሞ እኔ እዚያው አስተዳደር ክፍል ቁጭ ብዬ፣ ማንም ሳይለምነኝ «ለኔ ተዉት» ብዬ የሠራሁት የኤክሴል ማክሮ ነው። አንድ ቁልፍ ሲጫኑት የዕረፍት ጥያቄዎቹን ከአንድ ገጽ ያነብና የወሩን ተራ ይደለድላል። ከዚያ ወዲህ በኮሪደር ስሄድ አረማመዴ ሳይቀር ተቀይሮ ነበር ይሉኛል።

«ፋሻው ለሚነሳበት ቀን ዕረፍት ጠይቄያለሁ፤ አደራህን» አለችኝ ሚስቴ።

«ካላገኘሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አልኳት።

«የእናቴ ዓይን እያስጨነቀን ባታሟርትብን ምናለ» አለች።

ተራው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ጉድ ፈላ። ዕረፍት የጠየቀች ሁሉ በጠየቀችበት ቀን ተረኛ ሆናለች፤ ሚስቴም ጭምር። ነርሶቹ ቢሮዬን ሞሉት። አንዷማ «በእጅ ሲጻፍ ቢያንስ የሚያፍር ሰው ነበር» አለችኝ።

በሬን ዘግቼ ማክሮውን መስመር በመስመር አየሁት። ፋይሉ ሲከፈት የጥያቄዎቹን ገጽ ለአንድ ቫሪያብል አስይዤ ነበር፤ የቫሪያብሉ ሥራ ወደ ገጹ መጠቆም ብቻ ነው። የነርሶቹ አለቃ ንጹሕ ነገር የሚወዱ ሴትዮ ናቸው። ፋይሉን ሳይዘጉ ጥያቄዎቹን ወደ አዲስ ገጽ አሳምረው ገልብጠው፣ አሮጌውን ሰርዘው፣ አዲሱን በዚያው ስም ጠሩት። የኔ ቫሪያብል ግን ጣቱን እንደቀሰረ የቀረው ወደ ተሰረዘው ነው።

እኔ ደግሞ ጥንቁቅ ነኝ ባይ፣ ከማንበቡ በፊት ቫሪያብሉን «ባዶ ነህ ወይ?» ብሎ እንዲጠይቀው አድርጌ ነበር። ባዶ አይደለም። ገጹ ጠፍቶ እሱ «አለሁ» ይላል። ማክሮው አመነው፤ ሊያነብ ሲሄድ ግን የሚነበብ አጣ። እዚህ ላይ እንኳ መጮህ ነበረበት። ምን ያደርጋል፣ አለቆች ፊት የስህተት መልእክት ብቅ ብሎ እንዳያዋርደኝ «ስህተት ስታገኝ ዝም ብለህ እለፍ» የሚል መስመር ራሴ ጽፌበታለሁ። አልፎ እርፍ። ጥያቄ የለም ብሎ ሁሉንም መደበ።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። «አለሁ» ሲል ማመን ሳይሆን፣ አንድ ነገር ማዘዝ ነው፤ ሌላው ቢቀር ስሙን እንዲናገር። ከመለሰ አለ፣ ካልመለሰ የለም። ማክሮውን ወዲያው አስተካከልኩት። ተራውን እንደገና አውጥቶ ማስፈረም ግን ቀናት ይፈልጋል፤ ፋሻው የሚነሳው ደግሞ በማግስቱ ነው። አንገቴን ደፍቼ የነርሶቹን አለቃ ለመንኩ። «ለሚስትህ ብቻ ከፈቀድኩ ሌሎቹ በሕይወት አይተዉኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሚቀይራት ሰው ብፈልግም ፊት የሰጠኝ አልነበረም።

ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቫሪያብሉን ሳይቀር አስረዳኋት። የኔ ይቅርታ አጠያየቅ ይሄ ነው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እኔንም እኮ እንደዚሁ ነው የምትጠይቀኝ» አለች። «አለሽ? ትላለህ፤ አለሁ እላለሁ፤ ታልፋለህ። በል ነገ እናቴ ጋ አንተ ሂድ።»

ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጸጉሬን አበጥሬ ሄድኩ፤ ምን አተርፍ ብዬ እንደሆነ እንጃ። ሐኪሙ ፋሻውን ሲያነሳ አማቴ ዓይናቸውን ቀስ ብለው ገለጡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ድምፅህ ረጅም ነበር» አሉ።

ሐኪሙ ሳቁን ሊያፍን ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ልጄስ?»

«ሥራ ይዟት ነው። በኔ ጥፋት ነው የቀረችው» አልኩ። ስለ ቫሪያብሉ ትንፍሽ አላልኩም፤ ከትናንቱ ተምሬያለሁ።

አማቴ ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። «እሷ እስክትመጣ አልገልጠውም። አንተን ማየቴንም አልቆጥረውም» አሉ።

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጥቂት እንደቆዩ፣ እንደጨፈኑ፣ «አንተ ልጅ፣ አለህ?» አሉኝ።

«አለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ውሃ አቀብለኝ።»

አቀበልኳቸው። ቆይተው ደግሞ «አለህ?» ሲሉ ገና አለሁ ከማለቴ እግራቸውን እንድሸፍን አዘዙኝ። ከዚያ መስኮቱን ዝጋ፣ ከዚያ ትራሱን ከፍ አድርግ። እንዲህ ሲፈትሹኝ ዋሉ።

ሚስቴ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር እያለከለከች ገባች። አማቴ ኮቴዋን ሲሰሙ ዓይናቸውን ገለጡ። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?»

«ምንም አልሆንኩ፣ እማዬ። አለሁ።»

እኔም ዞሬ አየኋት። እውነትም ከስታለች። የኔን ዓይን ደግሞ ሞራ ጋርዶት አያውቅም።