ሁለት ጊዜ የተነበበው ደብዳቤ

ደብዳቤው አንኮበር የደረሰው በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ ነው። ያመጡት የአሊዩ አምባው ነጋዴ ሐጂ ኑርዬ ናቸው። ከባሕር ማዶ፣ በእንግሊዝ እጅ ባለችው ኤደን ወደብ የሚኖር የአጎታቸው ልጅ ለነጋዴ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቢቸግረው፣ ሐጂ «እኛ ዘንድ አንድ አለ፤ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ነው» ብለው ላኩበት። ሰውየውም ሌላ ሳይጠይቅ ና ብሎ ጻፈ። እንደ ውሃ ነው የተባለለት የአንኮበር ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ የመሪጌታ ወልደአረጋይ ልጅ ብርሃነ መስቀል ነበር።

ብርሃነ መስቀል ፖስታውን ቀዶ በቀጥታ ወደ አባቱ ሮጠ። ቅኔ አስተማሪው መሪጌታ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ደህና ቢያዩም እንግሊዝኛ አያነቡም። ስለዚህ ልጃቸው ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበላቸው። ውሉ ሁለት ዓመት ነው። ማደሪያ ይሰጣል። የዕረፍቱ ቀን ዓርብ ነው። መልሱን እስከ ታኅሣሥ በሐጂ ኑርዬ በኩል ላክ። መሪጌታ ሰምተው ሲጨርሱ «መልካም ነው፤ አስብበት» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ማሰብ ግን ለብርሃነ መስቀል አልሆነለትም፤ በማግሥቱ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ዲሬክተሩ አቶ ገብረአብ ጠዋት ሰልፍ ላይ ለተማሪዎች አወጁ። አክስቱ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴማ ኤደን ሲባል የመጣባቸው ኤደን ገነት ነው። «የወንድሜ ልጅ አዳም የተባረረበት አገር ሊሄድ ነው» ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ ነገሩ፤ አንዲት አሮጊት ከዚያ አፈር እንዲያመጣላት አደራ አለችው። አንዴ ሁለቴ ሊያርም ሞክሮ ሰለቸውና ተወው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎታል። ጫማውን በቀን ሁለት ጊዜ መወልወል ጀመረ።

ይህ ሁሉ የቆየው ፈረንጁ እስኪመጣ ድረስ ነው።

አንድ ቀን «ቋንቋ የሚያውቅ ይምጣ» ተብሎ ከክፍል ተጠራ። እንግሊዛዊው ላንድሮቨሩን በገዥው ግቢ በር ላይ አቁሞ፣ ፊቱ ቀልቶ ይናገራል። ብርሃነ መስቀል እንግሊዝኛ የተማረው ደብረ ብርሃን፣ ከአንድ ህንዳዊ መምህር ነው፤ የቀረውን ከመጽሐፍ ለቅሞ ሞላው። የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ደግሞ እስኪገባህ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ የሰውየው አይጠብቅም። ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዲት ቃል ብቻ ጆሮው ገባች፤ «ታወር»። ታወር ግንብ ነው። ዞር ብሎ ለገዥው «የድሮውን ቤተ መንግሥት ግንብ ማየት ይፈልጋል» አላቸው።

ገዥው ደስ አላቸው። ፈረንጁም በሁለት ዘበኛና በብርሃነ መስቀል ታጅቦ፣ ምን እየተደረገ እንደሆነ ሳይገባው፣ ያን አቀበት ወጣ። አናቱ ላይ የፈረሰውን ግንብ ሲያሳዩት ግንቡን አየ፣ ብርሃነ መስቀልን አየ፤ በመጨረሻ ቁጢጥ ብሎ አፈሩ ላይ በጣቱ ክብ ነገር ሣለ። ጎማ! ጎማ ተንፍሶበት የሚጠግንለት ሰው ነበር የፈለገው። ያለው «ታየር» ነው።

ፈረንጁ ከት ብሎ ሳቀ። ዘበኞቹ በግንቡ ተደስቶ የሳቀ መሰላቸው፤ ከተማውም እንደዚያው አወራው፣ የመምህሩም ስም የበለጠ ገነነ። ብርሃነ መስቀል ግን ቁልቁለቱን ሲወርድ ያሰበው ኤደንን ነው። ኤደን ውስጥ እንግሊዝ በየመንገዱ ነው። የዚያ የወደብ ልጆች ከመርከበኛ ጋር ሲያወሩ ያደጉ ናቸው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይስቁበታል፣ በሁለተኛው ወደመጣህበት ይሉታል። አንኮበር ላይ የሚያርመው ስለሌለ ብቻ ዐዋቂ ሆኖ መኖሩ ገባው። ራሱን ጠላ፤ ከራሱ ይልቅ ደግሞ ያን «እንደ ውሃ» የሚሉትን ሁሉ ጠላ።

አልሄድም እንዳይል ምን ምክንያት ይስጥ? ለአቶ ገብረአብ ምን ይንገራቸው? ሌት ተቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ አንድ መውጫ ታየው። አባት ከከለከለ በልጅ ላይ የሚፈርድ የለም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ መሪጌታ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ደብዳቤውን ይዞ ቀረበ።

«አባባ፣ ባለፈው በጥድፊያ ነው ያነበብኩልዎት፤ ልድገመው።»

«ድገመው» አሉት።

ደገመው። አሁን ውሉ ሦስት ዓመት ሆነ። መምህሩ እሑድም ያስተምራል። ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። አባቱ ፊት ላይ ምንም ለውጥ ስላጣ «መምህሩ ቢሞት እዚያው ይቀበራል» ብሎ ጨመረበት፤ ይህችን ሲላት ራሱም ደነገጠ።

«ጨረስክ?» አሉ መሪጌታ።

«አዎ።»

«ባለፈው ሁለት ዓመት ነበር። ዕረፍቱ ዓርብ ነበር፤ እሑድ የምትል ቃል አልነበረችበትም። መቃብርም አልነበረም። ወረቀት በሳጥን ተቀምጦ እንዲህ ያድጋል እንዴ?»

ከተማሪ አፍ አንዴ የሰሙትን ቅኔ በዓመቱ ፊደል ሳያጎድሉ የሚመልሱ ሰው መሆናቸውን ልጃቸው እንዴት እንደረሳው እንጃ። አፍሮ ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ እሱ ግን ጮኸ።

«ታዲያ ለምን አይከለክሉኝም? የሰው አባት ይቆጣል፣ ይገዝታል፣ ለማን ጥለኸኝ ይላል! እርስዎ ግን አስብበት ብቻ! አስብበት!»

«ፈርተሃል?»

ብርሃነ መስቀል ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«መፍራት ነውር አይደለም። ፈራሁ፣ አልሄድም ማለት ይቻላል» አሉ መሪጌታ። «ብትሄድ መርቄ እሸኝሃለሁ፤ ብትቀር ደስ ይለኛል። ግን እኔን አታስገባኝ። ታላቅ ወንድሜን አባታችን ለትምህርት እንዳይሄድ ከለከሉት። አዝመራው በከዳው ቁጥር፣ ከሚስቱ በተጣላ ቁጥር፣ እስኪሞት የረገመው አባታችንን ነው። እኔ ያን ሰው አልሆንልህም።»

በገበያ ቀን ብርሃነ መስቀል ወደ አሊዩ አምባ ወረደ። መንገዱን ሙሉ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሲለማመድ ሄደ፦ «ሐጂ፣ አልችልም። እንግሊዝኛዬ አይበቃም።» ከዚህ የሚቀል ምን አለ? ጠመዝማዛው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለው፤ ሰማይ አልተደፋበትም።

ሐጂ ኑርዬ ግን ገና ሲያዩት ከመደባቸው ተነሥተው፣ በነጋዴዎቹ መሐል እጁን ይዘው አስቀመጡት። «ያልኳችሁ መምህር ይኸውላችሁ! በቅሎ አዘጋጅቼልሃለሁ፤ ኢንሻ አላህ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሰው ያደርስሃል፤ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ነው።» ሰው ሁሉ አፍ አፉን ያየው ጀመር። አፉንም ከፈተና፣ ያልተለማመደውን ተናገረ።

«አባቴ ከለከሉኝ።»

ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «የአባት ቃል ከሆነማ ወላሂ አንዲት ነገር አልጨምርም። አባትህን አስቀይመህ ከምትሄድ ብትቀር ይሻላል።» ነጋዴዎቹም የተባረከ ልጅ ነው፣ እንዲህ ያለ ዛሬ የት ይገኛል ተባባሉ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። አቀበቱን ሲመለስ እየሰደበ ወጣ፤ ሐጂን፣ ህንዳዊ መምህሩን፣ ከሁሉ በላይ የገዛ አፉን።

ወሬው ቀድሞት ነበር። የኅዳር ሚካኤል ዕለት የጽዋ ማኅበሩ ተራ የመሪጌታ ነበርና ቤቱ በሰው ሞላ። ብርሃነ መስቀል የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዞ ያስተናግዳል። ሁለተኛው ዋንጫ ሲጋመስ አቶ ገብረአብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መሪጌታ፣ አይቀየሙኝና፣ ልጁን በድለውታል። ወጣት ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ስንት ጊዜ ይመጣል? እርስዎ ራስዎ ለትምህርት ሲሉ ስንት አገር ዞረው፣ የገዛ ልጅዎን ያስራሉ?»

«እውነት ነው» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ከጓዳ በኩል። «ወንድሜ ነው ብዬ አልሸፍንም፤ ግፍ ነው።»

ብርሃነ መስቀል ከምሰሶው አጠገብ ደርቆ ቀረ። አሁን አባቱ ቀና ብለው «ማን ከለከለው?» ይላሉ፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ ይወጣል። እንዲወጣም ፈለገ፤ እንዳይወጣም በሆዱ ሚካኤልን ለመነ።

መሪጌታ ጢማቸውን በነጠላቸው ጠርዝ ጠረጉ።

«አዎ» አሉ። «እኔ ነኝ የከለከልኩት። ምን ላድርግ፣ አረጀሁ። ፈራሁ።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ገብረአብም አንገታቸውን ደፉ፤ ሽማግሌ በሰው ፊት ፈራሁ ሲል ምን ይባላል?

«አባባ...» አለ ብርሃነ መስቀል፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «አባባ፣ እኔ...»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ። ትንሽ ጠበቁት። ሰዉም ጠበቀው። ብርሃነ መስቀል ግን ማንቆርቆሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«የአቶ ገብረአብ ዋንጫ ጎድሏል» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «ቅዳላቸው።»

ጎንበስ ብሎ ቀዳ።