ለቅሶ የለመደ ድንኳን

እኛ ሰፈር ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ነው። ከተማ ነው እንዳይባል ጤና ጣቢያ የለው፤ ገጠር ነው እንዳይባል መሬቱ ተሸንሽኖ አልቋል። ስለዚህ የራሳችንን ክሊኒክ በኅብረት ሥራ ማኅበር እንከፍታለን ተባለ። ዓሣ አጥማጁም ነጋዴውም አዋጣ፤ አዋላጇ ሲስተር ርሆቦት ተቀጠረች። የቀረው ቤቱ ብቻ ነበር።

የዕድሩም የማኅበሩም ሊቀ መንበር ሐጂ ሱሌማን ናቸው። ጀልባ ሲሠሩ ቁራጭ ጣውላ አያባክኑም፤ እዚህም ያው ናቸው። ቤቱ እስኪያልቅ የዕድሩ ድንኳን ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ይታከሙበት አሉ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ሴቶቹን የጠየቀ የለም።

እኔ ግን ሳልጠየቅ ተናገርሁ። «ሐጂ፣ ሰው ሲሞትስ በሽተኛው የት ይሂድ?» አልኋቸው። ምላሴን እንድሰበስብ መከሩኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ድንኳኑ ከበሽተኞቹ አናት ላይ ተነቅሎ ለቅሶ ቤት ሄደ። ሲስተር ርሆቦት መርፌዋን ይዛ ሜዳ ላይ ቀረች። ድንኳኑ ሲመለስ እርጉዞቹ ሁሉ በሌላ መንገድ መዞር ጀመሩ።

እህቴ ዘይቱና ያኔ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ምጡ ሲጀምራት ሲስተር ርሆቦት አልጋ አዘጋጅታ ጠራቻት። እሷ ግን ከተማ ውሰዱኝ አለች።

«እናታችንን ያለቀስሁበት ውስጥ አልወልድም።»

«ሸራ እኮ ነው፣ አይናከስም» አልኋት።

«እንግዲያው አንቺ ውለጂበት።»

ባጃጁ ኮረኮንቹ ላይ ሲንገጫገጭ ልጁ መንገድ ላይ መጣ። ወንድ ነበር። አላለቀሰም።

በዕድራችን ደንብ ሳያለቅስ ለሄደ ሕፃን ድንኳን አይተከልም። ይህንን ሐጂ ሱሌማን ራሳቸው አንገታቸውን ደፍተው መጥተው ነገሩን። 

ከቀናት በኋላ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት ዘይቱና ሻርፗን ተከናንባ ወጣች። ተከተልኋት። ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ትገቢያለሽ?» አልኋት።

«ለልጄ ካልተከሉለት፣ የተተከለው ይኸው አለ አይደል» አለችኝ።

ገብታ የዕድሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። በዚያ የሚያልፉ ሴቶች ሰሙ። አንዷ ገባች፤ ሌላዋ ተከተለች። እርጉዞቹም ሳይቀሩ ገብተው አጠገቧ ተደረደሩ። ሲስተር ርሆቦት ሙቀት መለኪያዋን ይዛ በለቀስተኛው መሀል «እባካችሁ አሳልፉኝ» እያለች ትለምን ነበር።

ክሊኒካችን ሰው የሞላበት ያን ቀን ነው።