እንደ ድንጋይ

የፍሬን አየር ማውጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ጎማው ሥር ይተኛል፣ ሌላው መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳል ይረግጣል። የተኛው «ያዝ!» ሲል የተቀመጠው ረግጦ ይይዛል። የተኛው አንዲት ትንሽ ብሎን ፈታ አድርጎ አየሩን ያስወጣል፣ መልሶ ያጠብቅና «ልቀቅ!» ይላል። ከዚያ በፊት እግር ከተነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ምክትሉን ግን ይኸው አቃተው።

ምክትሉ የሚባለው የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ስለሆነ ነው። ክፍል ውስጥ ስልክ ሲነካካ ያገኘውን ተማሪ ስልኩን ቀምቶ መሳቢያው ውስጥ ይቆልፋል፤ ወላጅ ካልመጣ አይመልስም። ቆፍጣና ነኝ ባይ ነው። የሚስቱ አባት ደግሞ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ መካኒክ ናቸው። ሞተር ሲነሣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው በሽታውን ስለሚናገሩ ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይላቸዋል። ጡረታ ሲወጡ በወጣትነታቸው ይመኟት የነበረችውን ዓይነት መኪና ዝገት በልቷት አገኙና ጎትተው አምጥተው ግቢ ውስጥ አቆሟት። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሞተሯን አወረዱ፣ ማርሿን በተኑ፣ ካርቡራተሯን በጥርስ ብሩሽ ፈገፈጉ፣ እንደገና ገጣጠሙ። ምክትሉም በየቅዳሜው እጅጌውን ሰብስቦ ያግዛቸው ነበር፤ ያ ማገዝ ከተባለ።

የመጨረሻው ሥራ ፍሬኑ ነበር። የድሮ መኪና ናትና አራቱም ጎማዎች የሚታዘዙት በአንድ መስመር ነው፤ አንዱ ጋ አየር ከገባ ሁሉም ይበላሻል። ሦስቱን ጨርሰው አራተኛው ላይ ሲደርሱ ምክትሉ ሰልችቶታል። የመምህራኑ የቴሌግራም ቡድን ላይ አንዱ ቀልድ ጽፎ ስልኩ ጭኑ ላይ ይንጫጫል።

«ያዝ!» ይላሉ ሽማግሌው ከሥር።

«ይዣለሁ!» ይላል ምክትሉ ከላይ።

ምን ይዞ! እጁ መልስ ይጽፋል፣ እግሩ ያሻውን ያደርጋል። አንዴ ቢሆን ደግ ነበር። ሦስት አራት ጊዜ እግሩን አንሥቶ፣ ማንሣቱም ታውቆት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ይዣለሁ» ብሏል።

«ጠነከረ?» አሉ ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው እየተነሡ።

«እንደ ድንጋይ!»

እሳቸው ራሳቸው አንዴ ረግጠው ቢያዩ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ። ግን አማቻቸውን አመኑት። ማመን ጥፋት ነው እንዴ? ጭራሽ ደስ ብሏቸው የመጀመሪያውን ዙር ለእሱ ሰጡት፤ «በል ልጄ፣ ደክመህባታል፣ አንተ ንዳት» አሉት። የስድስት ዓመቷ ልጁም እየጮኸች ኋላ ወንበር ላይ ወጣች።

ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ ወለል ድረስ ጥልቅ አለ። የእጅ ፍሬኑን እስኪያስታውስ ድረስ መኪናዋ የጎረቤቱን የልብስ ሰፊውን ብር የመሰለ አዲስ በር ገጭታ ቆመች። ምክትሉ ጭረት አልነካውም። ልጅቷ አገጯ ተሰንጥቆ ሦስት ቦታ ተሰፋች።

የሕክምና ጣቢያው መተላለፊያ ላይ ሚስቱ አባቷ ላይ ጮኸች። «አርጅተሃል አባዬ! እመን! ልጄን ልትገልብኝ ነበር እኮ!» ሽማግሌው ልጅቷ ተሰፍታ እስክትወጣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ዘይት የነካው ጣታቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር። ከዚያ ወደ ምክትሉ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ብሎኑን ሳላጠብቅ 'ልቀቅ' ብዬህ ነበር እንዴ?»

«አላሉም» ማለት ምን ይከብዳል? አንዲት ቃል ናት። ምክትሉ ግን ሚስቱን አየ፣ የልጁን ደም ያለበትን ሸሚዙን አየ።

«እንጃ አባባ» አለ። «ግርግር ነበር።»

አይ እንጃ! በዚያች ቃል ሰውዬውን በቁማቸው ቀበራቸው። «እንግዲያው ብዬሃለሁ ማለት ነው» አሉ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም መፍቻ አልነኩም። መኪናዋ ሸራ ለበሰች። ቤተሰቡም እሳቸውን እንደ ሕፃን ይጠብቃቸው ጀመር። ሻይ ሲቀዳላቸው በግማሽ ብርጭቆ ሆነ። ምድጃ እንዳይነኩ ተባሉ። መንገድ የሚሻገሩት ሰው ይዟቸው ነው። እሳቸውም አመኑበት። ልጅቷ «አያቴ፣ ተሸከመኝ» ብላ እጇን ስትዘረጋ «እጄ አይታመንም፣ የኔ እመቤት» እያሉ ወደ ኋላቸው ይደብቁታል።

ምክትሉ ይህን ባየ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። አንድ ቀን ቢሮው ገብቶ የቀማውን ስልክ በሙሉ ያለ ወላጅ መለሰ፤ መምህራኑ «ሰውዬው ምን ነካው?» አሉ። መናገር ግን፣ እሱን ተዉት! በየማለዳው «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» ይላል፣ ሲመሽ ለነገ ያሳድረዋል።

አንዴ ዳር ዳር ብሎ ነበር። «አባባ፣ ምናልባት እኔም ፔዳሉን በደንብ አልያዝኩት ይሆናል…» አላቸው።

«ተው ልጄ፣ አትሸፍንልኝ» አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ይህም ይበለው፤ ግማሽ እውነት ይዞ የሄደ ሰው ምስጋና ተሸክሞ ተመለሰ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ እሑድ ልብስ ሰፊው ለምሳ ተጋበዘ። በሩ ተሠርቶለታል፣ ቂምም የለውም። በልተው ሲጨርሱ ሽማግሌው ወሬ አመጡ። «ልጄ እኮ ሰው አግብታለች» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ፣ እንዳላፍር ብሎ 'እኔ ነኝ ፔዳሉን ያልያዝኩት' ሊል ይፈልጋል። የወለድኩት ቢሆን እንዲህ አያደርግልኝም።» ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ተነሥቶ የምክትሉን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «እንዳንተ ያለውን ያብዛልን!» አለው።

ምክትሉ እጁን ሰጠው። እንግዳው ተሰናብቶ ከወጣ በኋላም እጁ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ሚስቱ ሳህን ልታነሣ ስትል «ቁጭ በይ» አላት።

«ስልክ እያየሁ ነበር» አለ። አንገቱን ሰበረ። «አባባ፣ እግሬን አንሥቼ ነው 'ይዣለሁ' ያልኩዎት። ጠንክሯል ያልኩዎትም ሳልሞክረው ነው። እርስዎ 'ልቀቅ' አላሉም። ጆሮዎም ደህና ነው፣ አእምሮዎም ደህና ነው። ሕክምና ጣቢያው ሲጠይቁኝ ጠፍቶኝ አይደለም እንጃ ያልኩት። ፈርቼ ነው።»

ሚስቱ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ያየችው ግን ባሏን አልነበረም፤ አባቷን ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ስንቴ ለቀቅክ?» አሉ ሽማግሌው።

«ሦስት… አራት ጊዜ።»

ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይበቃል። እሱ ወለል ድረስ ያስኬደዋል።»

ምክትሉ ስድቡን ጠበቀ። እንዲያውም ናፈቀው፤ ቢሰድቡት፣ ቢራገሙት፣ በጥፊ ቢሉት እፎይ ባለ ነበር። እሳቸው ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«ሁለት ወር ሙሉ» አሉ፣ «ሽንት ቤት የምገባው በሩን ሳልቆልፍ ነው። ውስጥ ወድቀህ እንዳትቀር ብላችሁ መቀርቀሪያውን ፈታችሁት። የፈታኸው አንተ ነህ፣ በራሴ ካቻቢቴ። ልጅቷ ሁለቴ ከፍታብኛለች።»

እጃቸውን ወደ ምክትሉ ዘረጉ።

«የት አደረግከው?»

ምክትሉ ሮጦ ከቁም ሣጥኑ መሳቢያ መቀርቀሪያውንና አራቱን ብሎኖች አመጣ። «እኔ ልግጠምልዎት፣ አባባ» አለ። ሽማግሌው ከመዳፉ ላይ አንድ በአንድ ለቀሙና ካቻቢቴያቸውን ይዘው ብቻቸውን ሄዱ። ባልና ሚስት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ብሎኖቹ ተራ በተራ ሲጠብቁ ሰሙ። ከዚያ ሽማግሌው ገቡና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።