አለቃ ዶክሱ ሰልፍ ገባ

ጓክ ዶክሱ ቤት አልባ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። በቡሳን ከተማ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው እንደሌለ ግን ቢጠይቁት ይምላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። አገሬው መውለድ ሲተው ትምህርት ቤቶቹ በየተራ ተዘጉ፣ እነሱን ተከትሎ ሱቁ ተዘጋ፣ ሱቁን ተከትሎ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ቀድማ በመሞቷ ይህን አላየችም፤ እሱም በዚህ ይጽናናል። የቀረለት ሁለት ሸሚዝና ኩራቱ ነው። ማታ ማታ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በጥቂት ገንዘብ በሚታደርበት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ይተኛል። ጠዋት ይላጫል፣ ሸሚዙን በእንፋሎቱ ያስተካክላል፣ ከዚያም ቢሮ እንደሚገባ ሰው ኮሌታውን ቆልፎ ይወጣል።

መጀመሪያ ረሃብ አሸንፎት ለቤት አልባዎች ምሳ የሚሰጥበት ድርጅት ደጃፍ የደረሰ ዕለት፣ ሰልፉን ሲያይ ዳር ቆሞ ቀረ። የድርጅቱ ሠራተኛ ዩንጃ ሸሚዙን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ "ለማገልገል ነው የመጡት?" አለችው።

"አዎ" አለ።

በዚህች አንዲት ቃል ሽርጥ ታጥቆ ሾርባ ቀጂ ሆነ። ለበጎ ፈቃደኞች ደግሞ ከጎረቤት ምግብ ቤት ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ይመጣላቸዋል፤ ስለዚህ ኩራቱ ከሰልፉ የተሻለ አበላው። ሰልፈኛው "አለቃ" አለው። ዩንጃም በዓመቱ የምስጋና ምስክር ወረቀት ሰጠችው። ዶክሱ እሱን የሚሰቅልበት ግድግዳ ስላልነበረው፣ "እዚሁ ቢሮ ይሁንላችሁ" ብሎ በትሕትና ተወው። ትሕትናውም ተጨማሪ ምስጋና አስገኘለት።

በዚህ መኸር መታጠቢያ ቤቱ ሊፈርስ ስምንት ቀን ቀረው። ድርጅቱ ደግሞ ለቤት አልባዎች አራት ክፍሎች ተከራይቷል፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ዶክሱ ሦስት ቀን በቢሮው በር ፊት ተመላለሰ። በአራተኛው ቀን ገባ።

"ምነው አለቃ፣ ጭልፋ ተሰበረ እንዴ?" አለች ዩንጃ።

"ስለ ክፍሎቹ ነበር።"

"የሚያውቁት ችግረኛ አለ?"

"አለ። አብሮ አደጌ ነው ማለት ይቻላል።"

"ይምጣና ይመዝገብ እንጂ።"

"መጥቷል።"

ዩንጃ ከኋላው ማን እንደቆመ ለማየት አንገቷን አሰገገች። ማንም የለም። ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

"ጋሽ ዶክሱ፣ እርስዎ እኮ መዝገቤ ላይ ያሉት በበጎ ፈቃደኝነት ነው። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ቀን! የራሷን ሰው በጓሮ በር አስገባች ብለው ያባርሩኛል። ደንቡ፣ ወይ ሠላሳ ቀን ሰልፍ ላይ ይመዝገብ፣ ወይ ቤት እንደሌለው የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ያቅርብ ይላል።"

"ማንም አያውቅም።"

"በሁለት ዓመት ማንም?"

"ማንም" አለ ዶክሱ፤ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ እንኳ ደረቱን ትንሽ ነፋ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ዶክሱ ደግሞ ድብቅ አድርጎ ነበር የደበቀው።

"ከነገ ጀምሮ ሰልፍ ይግቡ፤ የቀረውን ለምኜም ቢሆን አያለሁ" አለች ዩንጃ። "ግን... ከሰልፍ የሚበላ ሰው ወጥ ቤት አይገባም። የንጽሕና ደንብ ነው።"

ሽርጡን አጣጥፎ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይህን ድሮም ያውቃል።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከሰልፉ ጫፍ ቆመ።

"አለቃ፣ ልትቆጥሩን ነው?" አለ አንዱ።

"ሽርጥዎን ረሱ፣ ይለፉ ይለፉ!" አለች አንዲት ሴት፤ ሰዉም መንገድ ከፈተለት። ዶክሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከፊቱ የቆሙት ሰባ አራት ዓመት ያለፋቸው የቀድሞ የወደብ ተሸካሚ ማንቦክ ዘወር ብለው አዩትና ፊታቸውን መለሱ።

ዩንጃ ደጃፉ ላይ እያንዳንዱን ሰው "ትናንት የት አደሩ?" እያለች ትጽፋለች። ደረጃ ሥር፣ ጣቢያ፣ ድልድይ። የዶክሱ ተራ ሲደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እሱ ግን ዝቅ ማድረጉ አልሆነለትም።

"መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ። ቤት የለኝም!"

ዶክሱ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

"እኔ ደግሞ አዲስ ነገር ሊነግረን መስሎኝ!" አሉ ማንቦክ።

ዩንጃ ብዕሯን አቆመች። "ያውቁ ነበር እንዴ አባባ?"

"ልጄ፣ ቤት ያለው ሰው በአዲስ ዓመት ጠዋት፣ አገር ምድሩ ለሞቱ አያቶቹ ማዕድ ዘርግቶ ሲሰግድ፣ ለኛ ሾርባ ሊቀዳ ይመጣል?"

"እኔ እኮ ደግነቱ መስሎኝ..."

"ሸሚዙስ?" አለች ሴትዮዋ። "ሰኞ ሰማያዊ፣ ማክሰኞ ነጭ፣ ረቡዕ ሰማያዊ።"

"እኔም ብርዱ ሲጠና እዚያው መታጠቢያ ቤት ነው የማድረው" አሉ ማንቦክ። "እሱ ሲገባ ፎጣ ፊቴ ላይ ጣል አደርጋለሁ። አይቶኝ እንዳያፍር ብዬ።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ጭልፋውን ትቀሚው ነበራ!" አሉ ማንቦክ።

ጭልፋው ከዚያን ዕለት ጠዋት ጀምሮ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል። ዩንጃ አቀረቀረች። ከዚያ ወረቀት አወጣች፤ ሦስት ፊርማ ቢፈለግ አሥራ ዘጠኝ ሰው ፈረመ። አይታ፣ ደግማ አይታ ማኅተሙን መታች። ከአራቱ ክፍሎች አንዱ የዶክሱ ሆነ።

ዶክሱ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ችግሩን ሲደብቃቸው፣ እነሱ ደግሞ ማወቃቸውን ሲደብቁት ኖረዋል። አፈረም፣ ደስም አለው፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላወቀም። ሳህኑን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ ማንቦክ ገፋ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁለት። ሾርባውን አንድ ጊዜ ፉት አለና ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ይሄ ነገር ጨው የለውም እኮ!"

ጠረጴዛው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።

"ዛሬ ነው ወይስ ሁልጊዜ?"

"አንተ መቅዳት ከጀመርክ አንስቶ እንዲሁ ነው" አሉ ማንቦክ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ! አንድ ሰው እንኳ አይናገርም?"

"ምን ብለን እንናገር? እንደዚያ ተላጭተህ፣ ኮሌታህን ቆልፈህ፣ በሁለት እጅህ ስትሰጠን ይሉኝታ ያዘን" አሉ። "በል ብላ አሁን፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብሳል።"